የትንፋሽ መሣሪያውና የመጀመሪያው ወር

በአገራችን አንድ ሰው ተኝቶ ሲያንኮራፋ የሰማ ቤተሰብ «ደክሞት ነው፤ መልካም እንቅልፍ ወስዶታል» ይላል እንጂ «ሳይታመም አልቀረም» ብሎ አይጠረጥርም። ማንኮራፋት የድካም፣ የጥጋብ፣ አንዳንዴም የእርጅና ምልክት ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። እርግጥ የሚያንኮራፋ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። ይሁን እንጂ ማንኮራፋቱ በድንገት ተቋርጦ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ የተኛው ሰው ታንቆ እንደተለቀቀ ሁሉ በኃይል አየር የሚስብ ከሆነ፣ ይህም በአንድ ሌሊት ደጋግሞ የሚደርስበት ከሆነ፣ ሰውየው እንቅልፍ አጥቶ እያደረ ነው ማለት ነው። ሐኪሞች ይህን በእንቅልፍ ጊዜ የሚደርስ የትንፋሽ መቋረጥ «ስሊፕ አፕኒያ» ይሉታል።

በዚህ ጽሑፍ ለማንሳት የምፈልገው ለበሽታው ዋነኛ ሕክምና ስለሆነው፣ በጭምብል አማካይነት አየር ወደ ጉሮሮ ስለሚገፋው መሣሪያ፣ ታማሚውም ከዚህ መሣሪያ ጋር በገዛ ቤቱ ስለሚያደርገው ትግል ነው። አስተያየቴ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ሕክምናው መሣሪያው ለታማሚው በተሰጠበት ዕለት አይፈጸምም፤ ገና መጀመሩ ነው። ውጤቱ የሚወሰነው በመጀመሪያው ወር፣ በመኝታ ቤት ውስጥ ነው። ይህ ወር ግን ዛሬ ባለቤት የለውም። ሐኪሙ መሣሪያውን ሲያዝ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል፤ ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሰናበታል፤ ቤተሰቡ ይደነግጣል፤ ታማሚው ያፍራል። ከጥቂት ሌሊቶች በኋላም መሣሪያው ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል። ይህን የምጽፈው እንደ ፊዚክስ መምህር ብቻ አይደለም፤ እኔም መሣሪያውን ቁም ሣጥን ውስጥ ከከተቱት አንዱ ነበርኩ።

ጉሮሮ እንደ ለስላሳ ቱቦ

ከአፍንጫና ከአፍ ጀርባ ተነሥቶ እስከ ማንቁርት የሚደርሰው የአየር መተላለፊያ እንደ ዋናው የአየር ቧንቧ በጠንካራ ቀለበቶች የተደገፈ አይደለም። ግድግዳው ሥጋና ጡንቻ ነው። ነቅተን ሳለን ጡንቻዎቹ መተላለፊያውን ወጥረው ይይዙታል። ስንተኛ ግን ይላላሉ። አየር ወደ ውስጥ በምንስብበት ጊዜ ደግሞ በመተላለፊያው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ያንሳል። ለስላሳ በሚጠጣበት ቀጭን የፕላስቲክ ስትሮ ወፍራም ጭማቂ በኃይል ለመሳብ የሞከረ ሰው የሚሆነውን ያውቃል፤ የስትሮው ግድግዳ ወደ ውስጥ ተጣብቆ መንገዱን ይዘጋዋል። በጉሮሮም የሚሆነው ይኸው ነው። መተላለፊያው በከፊል ሲጠብ ግድግዳው ይርገበገባል፤ ይህ መርገብገብ ማንኮራፋት ነው። ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ግን ድምፅም ትንፋሽም ይቆማል።

ትንፋሹ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ከተቋረጠ እንደ አንድ ክስተት ይቆጠራል። በዚህ ጊዜ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ አንጎል የአደጋ ምልክት ይደርሰውና ሰውየውን ለጥቂት ሰከንድ ያነቃዋል፤ ጡንቻዎቹ ይወጠራሉ፤ መንገዱም ይከፈታል። ታማሚው ጠዋት ሲነሣ ይህን አንዱንም አያስታውስም። በሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ የሚደርስ መቋረጥና መዳከም ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት በሚያሳትመው የመተንፈሻ አካላት ሕክምና መጽሔት የወጣ ግምት፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ከሆኑ የዓለም ሰዎች መካከል 936 ሚሊዮን የሚሆኑት ቀላሉን ጨምሮ ይህ ችግር እንዳለባቸው አመልክቷል። ስለዚህ የጥቂት ወፍራም ሰዎች በሽታ አድርጎ መመልከቱ ስሕተት ነው።

የእኔ ቁጥር በሰዓት 34 ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በየሁለት ደቂቃው፣ ከዚያም ባነሰ ጊዜ፣ አንድ ሰው ትከሻዬን ይዞ ቢነቀንቀኝ ከዚህ የተለየ ውጤት አይኖረውም ነበር። ሐኪም ዘንድ ያደረሰኝ ግን ማንኮራፋቱ አልነበረም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከቢሾፍቱ ወደ አዲስ አበባ መኪና እየነዳሁ ስመለስ ዐይኔ ተከደነ። ከኋላ የተቀመጠችው ልጄ «አባዬ!» ብላ ባትጮህ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ሌላ ሰው በሆነ ነበር። በዚያ ቀን አልኮል አልቀመስኩም፤ ከምሳም በኋላ አርፌ ነበር።

ከአቧራ መጥረጊያ ሞተር እስከ አልጋ ራስጌ

እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ድረስ ለከባድ ስሊፕ አፕኒያ አስተማማኝ ሕክምና ተብሎ የሚታወቀው አንገትን በቀዶ ጥገና ከፍቶ ከመዘጊያው ቦታ በታች የመተንፈሻ ቀዳዳ ማበጀት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 በሲድኒ፣ አውስትራሊያ፣ ኮሊን ሱሊቫን የተባሉት ሐኪም ሌላ መንገድ ሞከሩ። የአቧራ መጥረጊያ ሞተርን እንደ አየር መንፊያ ተጠቅመው፣ በታማሚው አፍንጫ ልክ በተሠራ ጭምብል በኩል አየር በመጠነኛ ግፊት እንዲገባ አደረጉ። የተዘጋው ጉሮሮ ተከፈተ፤ ታማሚውም ተኛ። በ5 ታማሚዎች ላይ የተገኘው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1981 ዘ ላንሴት በተባለው መጽሔት ታተመ። ዛሬ «ሲፓፕ» በመባል የሚታወቀው መሣሪያ መነሻ ይህ ነው።

መሣሪያው በታማሚው ፋንታ አይተነፍስም፤ ኦክስጅንም አይጨምርም። የሚሰጠው የክፍሉን አየር ነው፤ ግፊቱን ብቻ ከፍ ያደርገዋል። ይህም ተጨማሪ ግፊት የጉሮሮን ግድግዳ ከውስጥ ደግፎ እንዳይወድቅ ይይዘዋል። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ የግፊቱን መጠን ቢመረምር ደስ ይለኛል። የሚታዘዘው ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 20 ሴንቲሜትር ውሃ ነው። 10 ሴንቲሜትር ውሃ ማለት 980 ፓስካል ያህል ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት 76 ሺህ ፓስካል ገደማ ስለሆነ፣ ሕክምናው የሚጨምረው ከመቶ አንድ ከሩብ ያህል ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከአንድ ኮረብታ ላይ 110 ሜትር ያህል ቁልቁል የወረደ ሰው የሚያገኘው የግፊት ለውጥ ነው። ከእንጦጦ ወደ መሐል ከተማ የሚወርድ ሁሉ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ለውጥ በየቀኑ ያገኛል፤ ማንም ግን አይጎዳም።

ታዲያ ይህን ያህል ትንሽ ግፊት ለመልመድ ለምን ያስቸግራል? ምክንያቱ ከኮረብታ ስንወርድ ግፊቱ በመላ አካላችን ላይ እኩል ሲጨምር፣ በጭምብሉ ግን የሚጨምረው በአየር መንገዳችን ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ወደ ውጭ ስንተነፍስ አንድ ነገር እንደሚመልሰን ይሰማናል። ከሚሮጥ መኪና መስኮት ፊቱን አውጥቶ ለመተንፈስ የሞከረ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። አደጋ የለውም፤ ለአካል እንግዳ ነገር መሆኑ ግን አይካድም። አካል ደግሞ እንግዳን በአንድ ሌሊት አይለምድም።

ወናፉ

መሣሪያውን ያገኘሁት ውጭ አገር ከሚኖር ወንድሜ ነው። ያገለገለ ነበር። ሐኪሜ ግፊቱን በ10 ሴንቲሜትር ውሃ እንዳደርገው አዘዘኝ፤ ጭምብሉና ቱቦው አዲስ ነበሩ። የመጀመሪያውን ሌሊት ሁለት ሰዓት ያህል ታገሥኩ። በሁለተኛው ሌሊት ጭምብሉን መቼ እንዳወለቅሁት አላውቅም፤ ጠዋት ከአልጋው ሥር አገኘሁት። በአራተኛው ሌሊት አፍንጫዬ ደርቆ ደማ።

በዚያው ሳምንት እናቴ ከደብረ ብርሃን ለጥየቃ መጥተው ነበር። ለጸሎት ማልደው ሲነሡ በመኝታ ቤቱ በር በኩል አዩኝ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከገባው የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወዲህ በፊት ላይ የተገጠመ ጭምብልና ቱቦ በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ የጣር ምልክት ሆኖ ቀርቷል። እናቴም «ልጄን! ምን አገኘብኝ!» ብለው ጮኹ። ባለቤቴ ሮጣ መጣች፤ ልጆቹም ተነሡ። ጸበል መጣ። እኔም በኀፍረት ጭምብሉን አወለቅሁ፤ እርሳቸው እስኪመለሱ ድረስም አላጠልቀውም ብዬ መሣሪያውን ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትሁት።

ነገሩን የለወጠችው ባለቤቴ ናት። በሦስተኛው ቀን ማታ መሣሪያውን አውጥታ በእናቴ ፊት ሶፋው አጠገብ አስቀመጠችውና «እማማ፣ እስኪ እጅዎን እዚህ ላይ ያድርጉ» አለቻቸው። እናቴ መዳፋቸውን በቱቦው አፍ ላይ ሲያደርጉ ነፋሱ ተሰማቸው። «ነፋስ ብቻ ነው እንዴ?» አሉ። ነፋስ ብቻ መሆኑን ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ወናፍ ነው በሉኛ!» አሉ። አንጥረኛ እሳቱ እንዳይጠፋበት የሚነፋውን ወናፍ ማለታቸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የመሣሪያው ስም ወናፍ ሆነ። ልጆቹ «አባዬ፣ ወናፉን አትርሳ» ይሉኛል። ከማንኛውም የመመሪያ መጽሐፍ ይልቅ የጠቀመኝ ይህ ስም ነው፤ በቤቱ ውስጥ የነበረውን ፍርሃትና ኀፍረት አንሥቶልኛልና። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ብሂል፣ መድኃኒቱን ለሚደብቅም ሰው እንደሚሠራ በዚያን ጊዜ ተረዳሁ።

የውሃው ቱቦ የተናገረው

ሆኖም ጭምብሉን አጥልቄ ማደር ከቻልኩ በኋላም ቀን ቀን እንቅልፉ አልተወኝም። ባለቤቴም «ቀንሷል እንጂ አልቆመም» ትለኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ አድርጌ ቆጠርሁ። በመጨረሻ መሣሪያውን ይዤ ወደ ቤተ ሙከራ ሄድሁ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚያውቁትን የዩ ቅርጽ ያለው የውሃ ማኖሜትር አበጀሁ፤ የሚያስፈልገው አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን በውስጡ የሚያሳይ የላስቲክ ቱቦ፣ ውሃና ማስመሪያ ብቻ ነው። የመሣሪያውን የአየር መውጫ ከአንዱ አፍ ጋር ሳይሾልክ ገጠምሁና ከፈትሁት። በሁለቱ የውሃ ዓምዶች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ሰባት ሴንቲሜትር ተኩል ሆነ። የመሣሪያው መስኮት ግን 10 ይላል።

ምክንያቱን ማንኛውም የፊዚክስ ተማሪ ሊደርስበት ይችላል። የአየር መንፊያ የሚፈጥረው ግፊት ከአየሩ እፍግታና ከሽክርክሪቱ ፍጥነት ካሬ ጋር ቀጥተኛ ተዛምዶ አለው። በአዲስ አበባ የአየር እፍግታ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በባሕር ወለል 10 ሴንቲሜትር ውሃ የሚሰጥ መንፊያ በዚያው ፍጥነት እዚህ ቢሽከረከር የሚሰጠው ሰባት ተኩል ነው። አሥሩን ለመስጠት ፍጥነቱን 15 በመቶ ያህል መጨመር አለበት። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ግፊቱን ራሳቸው እየለኩ ይህን ያደርጋሉ። የእኔው ግን ከቀድሞዎቹ ስለነበረ ተጠቃሚው የከፍታ ደረጃውን በእጁ እንዲመርጥለት ይጠብቃል። የቀድሞው ባለቤት በባሕር ዳርቻ ከተማ ይኖር ስለነበር የተመረጠው ዝቅተኛው ደረጃ ነበር። ከፍተኛውን ደረጃ ስመርጥ ውሃው አሥር ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ውጤቱን ለሐኪሜ አሳይቼ የቀረውን እርሱ አስተካከለው። በዚያው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰዓት በኋላ የማስተምረውን ክፍለ ጊዜ ያለ ቡና ጨረስኩ።

ይህን የምተርከው መሣሪያውን ለመውቀስ አይደለም፤ መሣሪያው የታዘዘውን አድርጓል። የምለው፣ በዓለም ከፍተኛ ከሆኑት ዋና ከተሞች በአንዷ የምንኖር ሰዎች ይህን ጥያቄ መጠየቅ ግዴታችን መሆኑን ነው። በብዙ መሣሪያዎች መመሪያ ላይ የሥራ ከፍታ ወሰን ተብሎ የሚጻፈው ከ2300 እስከ 2600 ሜትር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ በዚህ ወሰን ጠርዝ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከወሰኑ በላይ። ታማሚው «መሣሪያው አልረዳኝም» ሲል «አልለመድክም» ከማለት በፊት ግፊቱን መለካት ይገባል።

ቤቱን ማዘጋጀት

ሌሎቹም ችግሮች አብዛኞቹ ተራ ፊዚክስ ናቸው፤ ስለዚህ ተራ መፍትሔ አላቸው።

ጭምብሉ አየር ሲያሾልክ ብዙ ሰው ማሰሪያውን ያጠብቃል። ይህ የጭምብሉን ለስላሳ ጠርዝ አጣጥፎ መሾለኩን ያብሰዋል፤ ፊትንም ያቆስላል። ትክክለኛው መንገድ ተኝቶ፣ መሣሪያውን ከፍቶ፣ ማሰሪያውን ቀስ በቀስ ማላላትና ማስተካከል ነው። የፊት ወዝም ያንሸራትተዋል፤ ፀጉራቸውን ቅቤ የሚቀቡ እናቶች ማሰሪያው የማይጸናላቸው በዚህ ምክንያት ነው። ፊትን ታጥቦ መተኛት፣ ጭምብሉንም በየቀኑ በለስላሳ ሳሙና ማጠብ ይበቃል። በጭምብሉ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ግን በፍጹም መደፈን የለባቸውም። የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣው በእነርሱ በኩል ነው።

አፍንጫ የሚደርቀው በተለይ በበጋ የከተማችን አየር ደረቅ ስለሆነ ነው። ለዚህም መሣሪያው የውሃ ማሞቂያና ማርጠቢያ ሣጥን ይኖረዋል። ነገር ግን ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ቀዝቃዛ ሌሊቶች ሞቆ የረጠበው አየር በቱቦው ውስጥ ሲያልፍ ይቀዘቅዝና ወደ ውሃ ይለወጣል፤ በማለዳ በመስኮት መስታወት ላይ እንደሚያዘው ጤዛ ማለት ነው። ሰውየውም አፍንጫው ውስጥ በሚንጠባጠብ ውሃ ይነቃል። ቱቦውን በብርድ ልብሱ ሥር ማሳለፍ ወይም በጨርቅ መሸፈን፣ መሣሪያውን ከራስጌ ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥና እርጥበቱን በትንሹ መቀነስ ችግሩን ያቃልላል። ለሣጥኑ የሚመረጠው ዲስቲልድ ውሃ ነው። የፈላ ውሃ ጀርሞችን ቢገድልም ጨዎቹን አያስወግድም፤ ስለዚህ በእርሱ የሚጠቀም ሰው በሣጥኑ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ዝቃጭ በየጊዜው ማጽዳት አለበት።

መብራት ሲጠፋ መሣሪያው ይቆማል። አፍንጫን ብቻ የሚሸፍን ጭምብል ያጠለቀ ሰው አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፤ አፍንጫንና አፍን የሚሸፍኑት ደግሞ አየር የሚያስገባ የደኅንነት መክፈቻ አላቸው። ስለዚህ ታማሚው አይታፈንም፤ ሕክምናው ግን ይቋረጣል። ማሞቂያው ከተዘጋ መሣሪያው የሚፈልገው 20 ዋት ያህል ነው። በ8 ሰዓት እንቅልፍ 160 ዋት-ሰዓት ማለት ነው፤ በ12 ቮልት ባትሪ ሲሰላ 13 አምፒር-ሰዓት ገደማ ይሆናል። 60 አምፒር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ጠብቀን ብንጠቀምበት ሁለት ሌሊት ያሳድረናል። መሣሪያው የሚቀበለውን ቮልት አስቀድሞ ማረጋገጥ ግን ግድ ነው። የአሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣም መኝታ ቤት ውስጥ አይሞላም።

መልመዱን በተመለከተ፣ ጭምብሉን በመጀመሪያ በቀን ማጥለቅ ይጠቅማል። እኔ ማታ ማታ ዜና ሳዳምጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል አጠልቀው ነበር። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከዝቅተኛ ግፊት ተነሥተው ቀስ በቀስ ወደታዘዘው የሚወጡበት ስልት አላቸው፤ ይህን ማስከፈት ይገባል። በመጨረሻም፣ ያገለገለ መሣሪያ ከውጭ የሚላክለት ሰው ይጠንቀቅ። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ታላቅ አምራች በመሣሪያዎቹ ውስጥ ያለው የድምፅ መቀነሻ ስፖንጅ እየፈራረሰ ወደ አየሩ ሊገባ ይችላል በሚል ሥጋት በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሣሪያዎችን ከአገልግሎት እንዲመለሱ ጠርቷል። ከእነዚህ አንዱ በስጦታ መልክ ወደ እኛ ቤት እንዳይገባ የመሣሪያውን ዓይነትና ቁጥር ማጣራት የላኪውም የተቀባዩም ኃላፊነት ነው።

ክርክሩ

«ይህ ሁሉ ድካም ያዋጣል ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ሴቭ» የተባለው ሰፊ ጥናት የልብ ወይም የአንጎል ደም ሥር ሕመም የነበረባቸውን 2717 ሰዎች ተከታትሎ፣ መሣሪያው ዳግመኛ የልብ ድካምና ስትሮክን የመሰሉ አደጋዎች እንዲቀንሱ እንዳላደረገ ዘግቧል። ይህን መደበቅ ለሳይንስ ሰው አይገባም። ሆኖም በዚያው ጥናት ተሳታፊዎቹ መሣሪያውን የተጠቀሙት በአማካይ በሌሊት 3.3 ሰዓት ብቻ ነበር። እንዲያም ሆኖ የቀን እንቅልፋቸው ቀንሷል፤ የኑሮ ስሜታቸውም ተሻሽሏል። እኔ ከዚህ የምረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከመሣሪያው ተአምር መጠበቅ የለብንም። ሁለተኛ፣ በሌሊቱ ግማሽ የተወለቀ ጭምብል ሙሉ ሕክምና ተብሎ ሊመዘን አይችልም።

ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛት፣ ማታ አልኮል አለመጠጣትም ይረዳሉ። በመንጋጋ ላይ የሚደረጉ መያዣዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻም በአሜሪካ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና መካከለኛ ወይም ከባድ አፕኒያ ላለባቸው ሰዎች ክብደት የሚቀንስ መርፌ ተፈቅዷል። ነገር ግን ክብደት እስኪቀንስ ወራት ይፈጃል፤ መሪ ላይ የሚመጣው እንቅልፍ ግን ወራትን አይጠብቅም። መሣሪያው ለዛሬው ሌሊት ነው።

ምን ይደረግ?

ተመራማሪዎች ታማሚው መሣሪያውን ዘወትር ይጠቀምበት እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት በሚያሳየው ልማድ አስቀድሞ እንደሚታወቅ ካስተዋሉ ቆይተዋል። እንግዲያው ድጋፉም በዚያን ጊዜ መድረስ አለበት። መሣሪያ የሚያዝም ሆነ የሚሸጥ ወገን በመጀመሪያው ሳምንት ስልክ ደውሎ መጠየቅን፣ በወሩ መጨረሻም ታማሚውን ከመሣሪያው ጋር ጠርቶ ማየትን የሕክምናው አካል ሊያደርገው ይገባል። ሲጠራም ብቻውን ሳይሆን አብሮት የሚተኛው ሰው ጭምር ይጠራ። ሹፌሮችን የሚቀጥሩ ድርጅቶች ይህን ሕክምና የጀመረ ሠራተኛቸውን ከመኪናው ለማውረድ ከመቸኮል ይልቅ ወሩን እንዲፈጽም ጊዜ ቢሰጡት፣ ሌሎቹ ሹፌሮች ሕመማቸውን ከመደበቅ ይድኑ ነበር።

እኛም በሳይንስ ፋኩልቲ ያለን ሰዎች ድርሻ አለን። የውሃ ማኖሜትር ውድ መሣሪያ አይደለም። በከተማው ያለ ማንኛውም ታማሚ መሣሪያውን ይዞ መጥቶ የሚሰጠውን ግፊት የሚያስለካበት አንድ ጠረጴዛ በቤተ ሙከራችን ማዘጋጀት እንችላለን። ግፊቱን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ የታዘዘው ግፊት በእርግጥ መድረሱን መለካት ግን የእኛ ሥራ ነው። የመመረቂያ ሥራ ርእስ ለሚፈልጉ ተማሪዎችም፣ መብራት ሲጠፋ ያለማቋረጥ ወደ ባትሪ የሚያሻግር ርካሽ መሣሪያ ከመሥራት የተሻለ ምን ርእስ አለ?

ባለቤቴ ለብዙ ዓመታት ሌሊት ሌሊት የምታዳምጠው ማንኮራፋቴን አልነበረም፤ ከማንኮራፋቱ በኋላ የሚመጣውን ጸጥታ ነበር። ትንፋሼ እስኪመለስ ድረስ እየቆጠረች ትጠብቅ እንደነበር የነገረችኝ ሕክምናውን ከጀመርሁ በኋላ ነው። አሁን እርሷም ትተኛለች። ስለዚህ አንባቢዬን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ዛሬ ማታ አጠገባችሁ የተኛውን ሰው ትንፋሽ አዳምጡ። ከቤተሰባችሁ ጭምብል ማጥለቅ የጀመረ ካለ ደግሞ አትደንግጡበት፤ አትሳቁበትም፤ አንድ ወር አብራችሁት ታገሡ። ከዚያ በኋላ ወናፉ ሥራውን ይሠራል።